ሚስ ኦዜላ የማይነሡበት የስም ጥሪ

የተዘጋ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ መዘጋቱን ያልሰማች አንዲት ሴት አትጠፋም። እግዜር ለየከተማው አንድ አንድ አድሏል። የእኛ የሂኮሪ ፎርክ ተራ ሲደርስ ግን ሳይሰፍር ገለበጠው መሰለኝ፤ ሚስ ኦዜላ ታርፕሊን ሰጠን።

ክብርት ሊቀ መዛግብት ሚስ ኦዜላ (ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እስካሁን አልተቃወሙም) የፔቲፎርድ ከፍተኛ ትምህርት ቤትን ታሪክ ይጠብቃሉ። ፔቲፎርድ፣ እዚህ ጆርጂያ ነጭና ጥቁር ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር እንዳይማር በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ አባቶቻችን ከእንጨት መሰንጠቂያው ፈረቃ ሲወጡ በገዛ እጃቸው ያቆሙት ትምህርት ቤት ነው። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት። ሚስ ኦዜላ ቢሆኑ ኖሮ ገና መሠረቱን እየቆፈርን ነበር።

ቀብር ላይ እንኳ አያርፉም። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ፓስተሩ፣ "ወንድማችን በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ከፔቲፎርድ ተመርቀው..." ከማለታቸው፣ ከሦስተኛው መደዳ "ሃምሳ አምስት!" የሚል ድምፅ መጣ። ፓስተሩ ይቅርታ ጠይቀው ሟቹን በዓመቱ አስመረቋቸው።

ቤታቸው መሄድም ጣጣ ነው። አንድ ቀን ኮፍያዬን መተላለፊያው ላይ ያገኘሁት የተወለወለ ነገር ላይ ባንጠለጥል፣ "አንሳ! የሃምሳ ሰባት የቅርጫት ኳስ ዋንጫ እኮ ነው!" ብለው ጮኹብኝ። ዋንጫዎቹ አርባ አንድ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ሰሞን ሰዎች ቆሻሻ መጣያ ወስደው ሲደፏቸው፣ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የነበሩት ሚስ ኦዜላ የአባታቸውን ፒካፕ እየነዱ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ለቀሟቸው።

መማሪያ መጻሕፍቱ ደግሞ የነጮቹ ትምህርት ቤት ሲጠግባቸው ለእኛ የሚወረውራቸው ነበሩ። "የባዮሎጂው ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት እስከ መቶ አሥራ ዘጠኝ ተቀዷል" ይላሉ ሚስ ኦዜላ፣ ትናንት እንደሆነ ሁሉ። "የደም ዝውውር ነው። መምህራችን ሚስተር ሌድቤተር፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስምንቱንም ገጽ ከየትም ፈልገው በእጃቸው ገለበጡልን። ለሠላሳ አንዳችንም! ሥዕሉ ሳይቀር፣ ቀዩን በቀይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ።" እዚህ ላይ ሲደርሱ ቀልዴ ሁሉ ይጠፋብኛል። እኔ ይህችን አንድ ገጽ ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ ሳቃስት፣ ያ ሰውዬ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ አስባለሁ።

የዓመቱ ትልቁ ቀን በሐምሌ መጨረሻ የሚደረገው የተመራቂዎች ራት ነው። የተጠበሰው ዓሣና ኬኩ ከተነሣ በኋላ የስም ጥሪው ይጀመራል። ከሠላሳ አንድ እስከ ስድሳ ዘጠኝ ያለው ዓመት በየተራ ይጠራል፤ የዚያ ዓመት ተመራቂ ይነሣል። የሞተ እንደሆነ ልጁ ይነሣለታል፤ እኔም የሃምሳ ስምንት ሲባል ለእናቴ ለቨርዲ እነሣለሁ። ማንም ያልቀረለት ዓመት ሲሆን አዳራሹ በሙሉ ይነሣል። ጠሪዋ መድረክ ላይ የተቀመጡት ሚስ ኦዜላ ናቸው።

ስድሳ ዘጠኝ ሲጠራ በየዓመቱ ጠብ አለ። ክሌተስ ማብሪ የእህቱን ትከሻ ተገን አድርጎ ቀስ ብሎ ይነሣል።

"ቁጭ በል ክሌተስ! የስድሳ ዘጠኟ እህትህ ናት!"

"አንዴ ብቆም ምን አለበት፣ ኦዜላ?"

"መዝገብ አለበት!"

ክሌተስ ይቀመጣል፤ እኛም እንስቃለን። ሳቁ ግን እሬት እሬት ይላል። ፍርድ ቤት ልጆቹ አብረው ይማሩ ብሎ ባዘዘ ጊዜ፣ ሹሞቹ የዘጉት የእኛን ነበር። ርዕሰ መምህራችን የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ለመመረቅ አንድ ዓመት የቀራቸው ሠላሳ አንድ ልጆች ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ወደሌለበት ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ክሌተስ አንዱ ነው፣ ኦዜላም አንዷ ናቸው። ስለዚህ ፔቲፎርድ የሰባ ተመራቂ የለውም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ሚስ ኦዜላ ግን ለራሳቸው ጭራሽ አልቆረሱም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ ሲያስነሡ፣ እሳቸው አንድ ቀን ከወንበራቸው አልተነሡም።

"ቅር አይልዎትም?" ብያቸው ነበር አንዴ።

"ያልተመረቅሁበት አልቆምም" አሉና ዋንጫ ማሸት ቀጠሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ሆድ ይፍጀው፣ የቨርዲ ልጅ።"

ዘንድሮ ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ተደረጉና ሐኪሙ ለአንድ ወር አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ ከለከላቸው። ክሌተስ "ጸሎታችን ተሰማ!" ብሎ አወጀ፤ በማግስቱ ሾርባ ይዞ የሄደው ግን እሱ ነው። የጥሪው ወረቀት ለእኔ ተሰጠ። ጫፉ ላይ በእጃቸው "ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ" ብለው ጽፈውበታል።

ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ አነበብኩ። ስድሳ ዘጠኝ ላይ ክሌተስ ብድግ ሊል ሲል ከመድረክ በዓይናቸው አስቀመጡት። ወረቀቱ አለቀ።

"የሰባ ተመራቂዎች" አልኩ።

ሚስ ኦዜላ ኮፍያዬን ዋንጫው ላይ ያንጠለጠልኩ ቀን ባዩኝ ዓይን አዩኝ። ክሌተስ ተነሣና ተግሣጹን ጠበቀ። ተግሣጽ አልመጣም። ከበሩ በኩል አንዲት ሴትዮ ተነሣች፤ ከዚያ ሁለት መንትያዎች፣ ከዚያ ሌሎችም፣ ከክሌተስ ጋር አሥራ አንድ ሰው። ሁሉም ወደ መድረኩ ያያሉ። ሚስ ኦዜላ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

ለማልቀስ አላፈርኩም። ማይክራፎኑን በእጃቸው ሲጠይቁኝ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

"አሥራ ሁለት አይደለንም" አሉ በዚያ በተከለከለ፣ በሻከረ ድምፃቸው። "ሠላሳ አንድ ነበርን።" ከዚያም ያለ ወረቀት፣ በፊደል ተራ መጥራት ጀመሩ። "አበርናቲ፣ ጁኒየስ!" የጁኒየስ ሴት ልጅ ከኋላ ተነሣች። "ቤተል፣ ኮርዲሊያ!" ለኮርዲሊያ የሚነሣ ዘመድ ስላልነበረ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ሰው የለም። አንድም ስም አልረሱም። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ድምፃቸው ሊጠፋ ደረሰ።

"ታርፕሊ፣ ኦዜላ" አሉ። ራሳቸውም መለሱ፣ "አለሁ።"

የቀሩትን ሦስት ስሞች ጠርተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝና፣ ከስድሳ ዘጠኝ ሥር በእስክሪብቶ ሰባ ብለው ጻፉ።