የጉበት ስም ማውጫ በግ

ሕመም ስሙን ይዞ እንደማይመጣ የታወቀ ነው። ስም የማውጣቱ ኃላፊነት የሰው ልጅ ነው፤ በጅማ ደግሞ የኮሚቴ። ከከተማችን መሥሪያ ቤቶች በአንደኛው፣ ለአንድ የጉበት ሕመም የሚገባውን ስም እንዲያወጣ የተሰየመው ኮሚቴ ለሥራው የከፈለው መሥዋዕትነት በጽሑፍ ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ በአባላቱ ቀበቶ ላይም በግልጽ ይታይ ነበር።

የነገሩ መነሻ ሐጂ ሀቢቡላህ ናቸው። ሐጂ በጅማው መርካቶ ቡና ይነግዳሉ፤ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ቤታቸው እስከ መጋዘናቸው በባጃጅ ይመላለሳሉ፤ ሻያቸውን ማንኪያ እስኪቆምበት በስኳር ያጣፍጣሉ። አልኮል ግን ለቁስል መጥረጊያም ቢሆን ደጃቸውን አልፎ አያውቅም። ሐኪሟ ዶክተር ረይሃና ሆዳቸውን በአልትራሳውንድ አይታ፣ ጉበታቸው ውስጥ ስብ መከማቸቱን ነገረቻቸው።

«ሕመሙ ማን ይባላል?»

«አልኮል ወለድ ያልሆነ የጉበት ስብ ይባላል፣ ሐጂ።»

«ልጄ፣ መርካቶ መሃል ቆመሽ ‹ሌባ ያልሆነው ሀቢቡላህ› ብለሽ ብትጠሪኝ፣ ሰው የሚሰማው የትኛውን ቃል ነው?»

ሐጂ ይህን የጠየቁት ለጨዋታ አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው አብዱልሃዲ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ሲያርፉ፣ አንድ የተከበሩ ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጠው «ጉበት ያለ ምክንያት አይታመምም» ብለው ነበር። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። የቀረውን ከተማው ጨረሰላቸው። የሟች ባለቤት ሐጂራ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት አይታዩም፤ ‹ተደብቆ ይጠጣ ነበር› የሚለውን ከሰላምታ መሃል እየለቀሙ መስማት ሰልችቷቸዋል።

«ወንድሜም ስኳር ነበረበት፤ ግፊትም ነበረበት» አሉ ሐጂ። «እሱም በዚሁ ይሆን?»

«አብረው የሚሄዱ ናቸው። በዚሁ ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው ጠጪ የማያሰኝ ስም አውጡለት። እኔ መድኃኒት ከመውሰዴ በፊት ለሐጂራ የምነግራት ስም ስጡኝ።»

ጥያቄው ዶክተሯ ለምትሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለኦቦ ፈይሳ ቀረበ። ለቅሶ ቤት የተናገሩት የተከበሩ ሰው እሳቸው ናቸው። ኦቦ ፈይሳ ከለስላሳ በቀር መጠጥ በአፋቸው የማይዞር፣ የለስላሳውን ድርሻ ግን አሟልተው የሚወጡ ኃላፊ ነበሩ። ሳይውሉ ሳያድሩ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሌላ ሰው እንዳይደክም በማሰብም ሊቀመንበርነቱን ራሳቸው ያዙት። የመጀመሪያው ውሳኔ፣ አዲሱ ስም ጸድቆ እስኪወጣ ድረስ ማንም ባለሙያ ሕመሙን በየትኛውም ስም እንዳይጠራ የሚያግድ ሆነ።

«ታማሚ ቢመጣስ?» አለች ዶክተር ረይሃና።

«ይጠብቃል።»

«ስቡ አይጠብቅም እኮ።»

«ዶክተር፣ ስም ያልወጣለት ሕመም በአሠራር ደረጃ የለም።»

ስም የሌለው ሕመም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ስም እንዴት እንደሚወጣ ውይይት ተከፈተ። የመስተንግዶ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣ ያለ ድግስ የወጣ የክርስትና ስም ሰምተው እንደማያውቁ አስረዱ። ሙስሊም አባላቱ፣ ለሕፃን ስም ሲወጣ በግ ማረድ የነቢዩ ሱና መሆኑን አከሉ። ከገጠር ወረዳ የመጡት አዛውንት በበኩላቸው ቡና ቀላ ሳይቀርብ፣ ማለትም ቡናው ከነቅርፊቱ በቅቤ ተጠብሶ ሳይመረቅበት የተጀመረ ነገር ሲያምር አላየሁም አሉ። ከተማችን በአንድ ጉዳይ ላይ ይህን ያህል ተስማምታ አታውቅም። ለያንዳንዱ ስም አንድ በግ እንዲታረድ፣ በጉም የሰባ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ስም «የሰባ ጉበት» ነበር። በጉ ታረደ፤ ስሙም ተበላ። በማግስቱ ሥጋ ሻጮች፣ ‹የሰባ› የሚለው ቃል ከአያቶቻችን ጀምሮ የሙገሳ ቃል ሆኖ ሳለ በሕመም መዋሉ ገበያችንን ይጎዳል ብለው አቤት አሉ። ስሙ ተነሣ፤ በጉን ግን ማንሣት አልተቻለም።

ሁለተኛው «የድሎት ጉበት» ነበር። ይህኛው እስከ ሆድ ዕቃው ድረስ ከተበላ በኋላ ኦቦ ፈይሳ፣ ስሙ የሥራ ኃላፊዎችን በተዘዋዋሪ የሚነካ መስሎ ስለታያቸው ውድቅ አደረጉት። በነገራችን ላይ ቀበቶ መግጠም የተዉት በዚያው ሰሞን ነው።

በዚህ መሃል ሐጂ ሀቢቡላህ ወደ ዶክተር ረይሃና ተመለሱ።

«ስሙ ወጣ?»

«አልወጣም፣ ሐጂ። ስሙን እንዳልነግርዎ ታግጃለሁ። የሚያደርጉትን እንዳልነግርዎ ግን ማንም አላገደኝም።»

«ንገሪኛ።»

«ስኳሩን ከሻይ ያውጡ። ለስላሳውን ይተዉ። ጮማና ቅቤውን ይቀንሱ። መርካቶ በእግርዎ ይሂዱ።»

«በእግሬ? ሰው ሀቢቡላህ ከሰረ ይላል።»

«ይበል። ከ‹ጠጣ› አይሻልም?»

ሐጂ ሳቁ። «ዋላሂ ይሻላል» ብለው በእግራቸው ወጡ። ክረምቱ አልፎ ቡና እስኪለቀም ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ መርካቶም ከስረዋል ሲል ከረመ፤ ሱሪያቸው ግን በገመድ መታሰር ጀመረ።

ኮሚቴው በመጨረሻ ዶክተር ረይሃና ያቀረበችውን ስም ተቀበለ፦ «ምግብን ወደ ኃይል ከመለወጥ ሥርዓት መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ ሕመም»። ሌላውም ዓለም ሕመሙን በሌለበት ነገር መጥራት ትቶ ባለበት ነገር መጥራት መጀመሩን አስረዳች። ስሙ ረጅም በመሆኑ ሁለት በግ ታረደለት።

ለምርቃቱ አዳራሹ ሞላ። ሐጂ ሀቢቡላህ የወንድማቸውን ባለቤት አግባብተው ከፊት ረድፍ አስቀመጧቸው። በመርሐ ግብሩ መሠረት የሐጂ ጉበት ከእነስቡ በትልቁ ስክሪን ለሕዝብ ሊታይ ነበር። ዶክተር ረይሃና ሐጂን መድረኩ ላይ በተዘረጋው አልጋ አስተኝታ፣ መሣሪያውን ሆዳቸው ላይ አሳርፋ ደጋግማ ፈለገች።

«ስቡ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል» አለች።

ኦቦ ፈይሳ ደነገጡ። «እንዴት ይጠፋል? እኛ እኮ ስሙን ዛሬ ነው ያጸደቅነው።»

«ሳይጠራ ሄደ።»

«ሐጂ፣ ቀኑን እያወቁ?»

«አፉ ይበሉኝ፣ ኦቦ ፈይሳ። መጠበቁን አላወቅኩበትም።»

መርሐ ግብር አይታጠፍም። ኦቦ ፈይሳ ኮታቸውን አውልቀው፣ በሕዝብ አገልጋይነት መንፈስ አልጋው ላይ ወጡ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ለታሪክ የሚቀር አንዲት ቃል እንዳታመልጥ ማይክሮፎኑን አፋቸው ላይ ደገኑ። ስክሪኑ ላይ የኦቦ ፈይሳ ጉበት ነጭ ሆኖ አበራ። ሕዝቡ ንጣቱን የንጽሕና ምልክት አድርጎ አጨበጨበ። ዶክተር ረይሃና አላጨበጨበችም።

«ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

«እዚህ ሰው ፊት ልንገርዎት?»

«ተናገሪ፣ ለትምህርት ነው።»

አዲሱን ስም ከዳር እስከ ዳር ጠራችላቸው።

«እሱንማ እኛ ነን ያወጣነው። እኔ ምን ሆንኩ ነው የምልሽ፣ ልጄ?»

«ጉበትዎ ውስጥ ስብ ሞልቷል።»

ኦቦ ፈይሳ በክርናቸው ቀና አሉ። «ሰው ምን ይለኛል? እኔ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም። ሳይጠጡም ይመጣል እንዴ?»

«ሳይጠጡም ይመጣል።»

ሐጂ ሀቢቡላህ ከአልጋው አጠገብ ቆመው ነበር። «ጉበት ያለ ምክንያት አይታመምም ይሉ ነበር፣ ኦቦ ፈይሳ» አሉ በዝግታ።

ኦቦ ፈይሳ ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ ሐጂን አዩ። «ያኔ የተናገርኩት አውቄ አልነበረም። አብዱልሃዲ ሲጠጣ አላየሁትም። ያየውም የለም።»

ማይክሮፎኑ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበርና ቃሉ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ፣ ከዚያም በር ላይ በተሰቀለው በኩል እስከ ባጃጅ ተራው ተሰማ። ከፊት ረድፍ ሐጂራ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ነገ ጠዋት ወደ መርካቶ ስወርድ በርዎ ላይ እጠራዎታለሁ» አሉ ሐጂ። «ባጃጅ እንዳይጠሩ።»

የኮሚቴው አባላት በሊቀመንበራቸው ላይ በደረሰው እጅግ አዘኑ። ሐዘናቸውም በቃል ብቻ አልቀረም። በዚያው ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጠው፣ ለኦቦ ፈይሳ ፈጣን ማገገም ከሁሉም የሰባውን በግ አረዱ፤ ላቱንም ለሕመምተኛው ላኩላቸው።