በሁዳዴ ኬክ ኬክ የሸተተው ቤቴ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ያልበላሁትን ኬክ «በልቻለሁ» ብዬ ቄስ ፊት አመንኩ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ቀጥሉ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲጋራ አቁሜያለሁ። አዎ፣ እኔ! ፈረስ መጋላ ካፌ በር ላይ እንደ ከሰል ምድጃ ስጨስ የኖርኩት ሰውዬ!

የረዳኝ ቬፕ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ፣ ጣዕም ያለው እንፋሎት የሚሳብበት የሲጋራ ምትክ። ሸዋ በር የስልክ ከቨር የሚሸጥ ጎረምሳ ከጠረጴዛው ስር አውጥቶ ሸጠልኝ። (ክልክል ነው የምትሉ፣ ሰምቻለሁ! ለዚህ እኮ ነው ከጠረጴዛ ስር የወጣው።)

ጣዕሙ ቫኒላ ክሬም። ጾም ነውና ትንሽ አሰብኩበት። ክሬም ያስገድፋል? አይታኘክ፣ አይዋጥ... ራሴ ጠየቅኩ፣ ራሴ ፈቀድኩ። ከእኔ የበለጠ ሊቅ ከየት ይመጣል!

ባለቤቴ አስካለ ስለ ቬፑ አታውቅም። «በጸሎት ተወው» እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች።

ዛሬ ከቅዳሴ ስትመለስ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። ሲጋራ የተወ ባሏን ልታስባርክ! እኔ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ስስብ ቆይቻለሁ።

ቤቱ ኬክ ቤት ሆኗል።

አስካለ በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። «አንተ ሰውዬ! በሁዳዴ ኬክ?» ሶፋው ስር ሳይቀር ፈተሸች።

ምን ልበል? ቬፕ ነው ካልኩ ያ ሁሉ ክብሬ ገደል ገባ።

«በላሁ» አልኩ። «ከነክሬሙ!»

አባ አዘኑ። «እንግዲህ ስግደት አለብዎ» አሉኝ። ጉልበቴ ሳይሰግድ ጮኸ!

ይሄኔ የልጅ ልጄ ሜሮን ከትምህርት ቤት ገባች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፦ «ውይ፣ ማነው ቬፕ ያጨሰው? ቫኒላ ክሬም ነው አይደል?»

አስካለ እኔን ረሳችኝ። «አንቺስ ከየት አወቅሽው?»

ሜሮን አቀረቀረች። «ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አላት። ሲጋራ ነክታ አታውቅም፤ ሽታው ደስ ብሏት ነው የጀመረችው። እኔም... አንዴ ስቤያለሁ።»

አፌ መች አርፎ! «ስሚ ልጄ፣ እኔ እኮ ሲጋራ ለማቆም ነው...»

«እሺ አባባ፣ እርስዎ ሲጋራ ለማቆም። እሷ ምን ለማቆም?»

አቦ! መልስ ያለው ኮመንት ላይ ያስቀምጥልኝ፣ እኔ አጣሁ። ቬፑ ከሲጋራ አላቅቆኛል፤ ይሄን አልክድም። ግን እንደኔ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ለማስደሰት ማን ቫኒላ ክሬም ይቀምማል?

ከኪሴ አወጣሁት። አስካለ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ይዛ ወሰደችው። ስግደቱም አልቀረልኝ፤ ለውሸቱ ነው ተባለ።

ከዚያ ከሜሮን ጋር ተዋዋልን። «እርስዎ ሲጋራም ቬፕም ካልነኩ፣ እኔም አልነካም» አለችኝ። ነገ ለማቆሚያው ምክር ጤና ጣቢያ የምትወስደኝም እሷው ናት። ሐኪሙን እንዳልዋሸው አጠገቤ ትቀመጣለች አሉ!

አቆማለሁ፣ አትጠራጠሩ። ከእንግዲህ እኔ አንዴ ብስብ፣ የምናጨሰው ሁለት ነን።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ቤት ማን ነው ማንን የሚያሳድገው?