የማይዘጋው ጎተራ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ እንቅልፍ ያሸነፈውም ጥግ ይያዝ። ተረቱ ለማንም አይቆምም።

ድሮ፣ እንስሳት ስብሰባ መውደድ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ትልቅ የጋራ ጎተራ ነበር። ጎተራው ሰፊ ዋሻ ነው። ክረምት ላይ ምድር ስትጠግብ እንስሳቱ ከአፋቸው የተረፈውን እያመጡ ያስቀምጣሉ፤ ጃርት ሥራ ሥሯን፣ ከርከሮ የግራር ፍሬውን፣ ጉሬዛ ሾላውን። በጋ ገብቶ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ እየመጡ የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ሁሉም አንድ ላይ ስለሚከመር፣ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቀው አያ ዝሆን ብቻ ነበር። አያ ዝሆን «ይህ ያንተ ነው» ካለ ነው። «ተሰርዟል» ካለ ደግሞ ነገሩ ከገዛ አእምሮው ብን ብሎ ይጠፋል። ለአዲስ ነገር ቦታ እንዲተርፈው ራሱን ያስለመደው እንደዚያ ነው።

ችግሩ፣ አያ ዝሆን ይተኛል። ገላውን ይታጠባል። አልፎ አልፎም ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከሩቅ አገር ተጉዞ የመጣ እንስሳ በር ላይ የሚሰማው አንድ ነገር ነው።

«ዝሆን የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ዝሆን የለም አልኩህ እኮ።»

ምሬቱ በዛና የጫካው ጌታ አንበሳ ሸንጎ ጠራ። ሸንጎውም ብዙ ከተከራከረ በኋላ ለጎተራው ሥራ አስኪያጅ ሾመ። የተሾመው ዝንጀሮ ነበር። ዝንጀሮ ማዶ ካለው ጫካ ተምሮ የመጣ ነው ይባላል። ምን እንደተማረ የሚያውቅ ባይኖርም፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መቆም ችሎ ስለተመለሰ ማንም አልጠየቀውም።

ዝንጀሮ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጎተራ ‹የለም› የሚባል ቃል አይሰማም። ጎተራችን አይዘጋም፣ አይተኛም፣ አይታመምም። አስተማማኝነት መለያችን ነው። ለእኛ ደንበኛ ንጉሥ ነው።»

አንበሳ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ከጌታችን ከአንበሳ ቀጥሎ ማለቴ ነው» አለ ዝንጀሮ ቶሎ ብሎ።

ተጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁም ዕቅዱን ዘረዘረ። ከዝሆኑ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ በቀቀን ተጠባባቂ ሆና ትቀመጣለች። ዝሆኑ የሚለውን ሁሉ ቃል በቃል፣ እዚያው በዚያው ትቀዳለች፤ እሱ ሲተኛ እሷ ትመልሳለች። ይህ ብቻ አይደለም። ዋሻው ቢናድ ወይም ሰደድ እሳት ቢነሳ የሁሉም ሀብት እንዳይጠፋ፣ ከወንዙ ማዶ ጉድጓድ ውስጥ ኤሊ መጠባበቂያ ሆና ትኖራለች። አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር የጎተራው መረጃ በሙሉ ይነበብላታል፤ እሷም ትይዛለች።

በእውነትም ነገሩ ለጊዜው አማረ። እንስሳት በፈለጉት ሰዓት መጥተው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸው ከአፋቸው ሳይወጣ መልስ ያገኛሉ። የጎረቤት ጫካ እንስሳት ሳይቀሩ ለጉብኝት ይመጡ ጀመር። ዝንጀሮም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያስጎበኛል።

አንድ ቀን አያ ዝሆን ሥራ አስኪያጁን አናገረው።

«ጌታው፣ ለኤሊ ይኸው ስንት ጊዜ አነበብንላት። የያዘችውን መልሳ ስትናገር ግን አንድ ቀን ሰምተናት አናውቅም። አንድ ቀን እንሞክራት እንጂ።»

«መሞከር ማለት ግማሽ ቀን መዝጋት ማለት ነው» አለ ዝንጀሮ።

«ግማሽ ቀን ምን አላት?»

«አያ ዝሆን፣ የማይዘጋ ጎተራ ብዬ ለአራቱ ማዕዘን አውጄ፣ ‹ይዘጋ ይሆን ወይ ብዬ ልሞክር ስል ዘጋሁት› ልበል? ደግሞስ ኤሊ መቼ አጉረመረመች? ችግር ቢኖር ትናገር ነበር።»

አያ ዝሆን ጆሮውን አራግቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። አለቃ ነዋ።

በዚያው ክረምት ማብቂያ አያ ዝሆንን ወባ ያዘው። እግሩ እየተብረከረከ፣ ኩምቢው እየተንቀጠቀጠ ፈቃድ ቢጠይቅ «በዚህ በሥራ ጫና ሰዓት?» ተባለ። በቀቀን አለች አይደል እንዳይባል፣ የዚያን ቀን ጎብኚዎች ነበሩና ዝንጀሮ ሁለቱም በቦታቸው እንዲታዩለት ፈለገ።

ጎብኚዎቹ ቆመው ሲያዩ ከርከሮ መጣ። ወደ ቆላ ሊሰደድ ጓዙን ጠቅልሏል።

«አያ ዝሆን፣ ፍሬዬን ጨርሼ ወስጃለሁ። ስሜን ሰርዙልኝ» አለ።

አያ ዝሆን የከርከሮን ስም ፈለገው። ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ስሙ አልመጣለት አለ። ያ አፍንጫው መሬት የሚቆፍረው፣ ያ ቆፋሪው ... ሲል ሲል፣ ጎብኚዎቹም እየጠበቁት ስለሆነ፣ ያፈነውን ትንፋሽ ለቀቀና «የሚቆፍር ሁሉ ተሰርዟል» አለ።

«የሚቆፍር ሁሉ ተሰርዟል» አለች በቀቀን ከላይ፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል።

ጎብኚዎቹ በፍጥነቱ ተደነቁ።

በጋ ገባ። ሣሩ ነጣ፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ጃርት ሁለት ልጆቿን አስከትላ ወደ ጎተራው መጣች። ባሏን ነብር ከበላባት ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ የቆፈረችው ሥራ ሥር በጋውን እንደሚያሳልፋቸው ርግጠኛ ነበረች። ልጆቿም በመንገድ ላይ መጀመሪያ የሚበሉትን ሲማርጡ ነበር የመጡት።

«አያ ዝሆን፣ እንደምን ከረሙ? ሥራ ሥሬን ልወስድ ነው» አለች።

አያ ዝሆን አያት። ደግሞ አያት።

«እትዬ ጃርት፣ ፊትሽን አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራ ሥርሽን ግን አላውቀውም።»

«ምን ማለትዎ ነው? በክረምት ስንቴ ተመላለስኩ። ‹አበርቺ፣ አንቺ ጎበዝ› ይሉኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ይሆናል። እኔ ጋ ግን የለሽም።»

ጃርት ቀና ብላ በቀቀንን ጠየቀቻት። በቀቀንም ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ያን የትኩሳት ቀን ድምፅ ከነመንቀጥቀጡ አወጣችው። «የሚቆፍር ሁሉ ተሰርዟል።»

አያ ዝሆን የገዛ ድምፁን ሲሰማ ያኔ የሆነው ነገር አሁን ገባው። ኩምቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ዝንጀሮ እየተጣደፈ መጣ። ነገሩን ከሰማ በኋላ ግን ፊቱ በራ።

«ልብ ብላችኋል?» አለ። «ዋናውና ተጠባባቂዋ አንድ ቃል ናቸው። በመካከላቸው የፀጉር ያህል እንኳ ልዩነት የለም። ሥርዓታችን ምን ያህል እንደሠራ የሚያሳየው ይህ ነው።»

«ሁለቱም የተሳሳቱት አንድ ዓይነት ስህተት ነዋ፣ ጌታዬ» አለች ጃርት።

«እትዬ፣ ስሜት ውስጥ አንግባ። ለዚህ ለዚህ ብለን አይደል ኤሊን ያስቀመጥናት?»

ተያይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ወሬው ስለተሰማ ምስጥ ቆፋሪዎቹ እነአዋልዲጌሳም፣ ሌሎች ቆፋሪዎችም ተከትለው መጡ፤ የእነሱም ስም ጠፍቷልና። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ተጣሩ። እመት ኤሊ ቀስ ብላ አንገቷን አወጣች።

«እመት ኤሊ፣ የያዝሽውን ሁሉ አንድ ሳታስቀሪ ንገሪን» አለ ዝንጀሮ።

«ደስ ይለኛል» አለች ኤሊ። «የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እኮ ነው።»

ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጎተራ ‹የለም› የሚባል ቃል አይሰማም። ጎተራችን አይዘጋም፣ አይተኛም፣ አይታመምም። አስተማማኝነት መለያችን ነው። ለእኛ ደንበኛ ንጉሥ ነው። ከጌታችን ከአንበሳ ቀጥሎ ማለቴ ነው።»

«እሺ፤ ከዚያስ?» አለች ጃርት።

«ከዚያማ ጭብጨባ ነው።»

«ከጭብጨባው በኋላስ፣ እመት ኤሊ?»

ኤሊ አፈረች። «ልዋሽሽ አልችልም፣ ልጄ። በየጨረቃው ንባቡ የሚጀምረው በሥራ አስኪያጁ የመክፈቻ ንግግር ነው። ንግግሩ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ ሁሉም ሄደዋል። ‹ያዝሽው?› ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ‹አልያዝኩም› እል ነበር።»

አዋልዲጌሳ ሳቁ አመለጠው። ጃርት አልሳቀችም። ልጆቿን እያየች ነበር።

«ያው ሥራ ሥሩ ዋሻው ውስጥ አለ አይደል?» አለች ለዝንጀሮ። «የከመርኩበትን ቦታ አሳይዎታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ።»

«እትዬ ጃርት፣ አዝናለሁ። ባለቤቱ ያልታወቀ ንብረት ለጎተራው ሠራተኞች እንዲከፋፈል ደንቡ ያዛል። ደንቡን ጥሼ ብሰጥሽ የሌላው ደንበኛ እምነት ምን ይሆናል? ግን አይዞሽ፤ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁማለሁ።»

የጎተራው ሠራተኞች የዝንጀሮ ወንድሞች፣ የወንድሞቹ ሚስቶችና የሚስቶቹ ዘመዶች ነበሩ። የዚያን ዓመት በጋ ዝንጀሮዎች ወፈሩ። ኮሚቴውም ተቋቋመ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ይሁን በሚለው ላይ እስከ ዝናብ ድረስ ተወያየ።

ጃርት ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ኮሚቴውን በጠበቀች። ልጆቿ ግን ቆዳቸው ከአጥንታቸው ተጣበቀ። ስለዚህ የማትደፍረውን ደፈረች፤ ከጫካው ወጥታ ወደ ሰዎች የድንች ማሳ ወረደች። ሰዎች ደግሞ ለጃርት ምን እንደሚያዘጋጁ ጃርት ሁሉ ያውቃል። ታናሽየዋ ድንቹን አይታ ከእናቷ ቀድማ ሮጠች። ወጥመዱ ሲዘጋ ድምፁ ያን ያህል እንኳ አልነበረም። ጃርት ከአንድ ልጇ ጋር ወደ ጫካው ተመለሰች።

ዝናብ ጣለ። አንበሳም እንስሳቱን ሁሉ ጠርቶ ታላቅ በዓል አደረገ፤ ጎተራው ዓመቱን ሙሉ አንዲት ሰዓት ሳይዘጋ አገልግሏልና። ለዝንጀሮ የአበባ ጉንጉን ተጠለቀለት። በቀቀን በትጋቷ ተመሰገነች። ኤሊም ለረጅም አገልግሎቷ አዲስ ጉድጓድ ተሰጣት። አያ ዝሆን ብቻ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሦስት ጊዜ ልሰናበት ብሎ አመልክቶ «ጎተራው አይዘጋም» ተብሎ ተከልክሏል።

በመጨረሻ አንበሳ «እስቲ ከተገልጋዩ አንዱ ይናገር» አለ።

ዝንጀሮ በጥቅሻ የገዛ አክስቱን ሊያስነሳ ሲል፣ አንበሳ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ጃርት አያት።

«አንቺ ተናገሪ። አገልግሎቱ እንዴት ነው?»

ጃርት ተነሣች። ልጇን ወደ ጎኗ አስጠጋች።

«ጌታዬ፣ ፈጣን ነው» አለች። «ጠይቄ መልስ ያላገኘሁበት ጊዜ የለም። ዝሆኑ አለ፣ በቀቀኗ አለች፣ ኤሊዋም አለች። የሌለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»