አማቴና ሃሎ-ሃሎ

አማቱን ይዞ ሬስቶራንት የሚገባ ሰው ወይ ጀግና ነው… ወይ መሸሻ ያጣ! እኔ ሁለተኛዋ ነኝ።

እዚህ ለንደን፣ አረጋውያን በምንጦርበት ኬር ሆም አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊቷ ማሪቴስ ለልደቷ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ያለች የአገሯ ምግብ ቤት ጋበዘችኝ። "አማትሽንም ይዘሻቸው ነይ" አለች። አማቴ እማማ ዘነበች ደግሞ ሃርልስደን እኛ ጋ ከከተሙ ወዲህ፣ ውጭ ወጥተው ከሻይ ሌላ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ባቡር ላይ ለመንኳቸው።

"እማማ፣ ልጅቷ እንዳይከፋት ትንሽ ይቅመሱላት።"

"ምኑን አውቄው? ሻይ እጠጣለሁ።"

ገና ሳንቀመጥ "አሳማ እንዳይኖርበት ቼክ አድርጊልኝ" ብለው አስጨነቁኝ። ማሪቴስ ሳቀችና አዶቦ አዘዘችላቸው፤ በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የበሰለ ዶሮ ነው፣ ከሩዝ ጋር። እማማ ሳህኑን እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አገላበጡት። ድንገት ፊታቸው በራ።

"ውይ! እንቁላልም አለው እኮ!"

በቃ… ዶሮና እንቁላል አንድ ላይ ካዩማ ዘመድ ተገኘ! ቀመሱ። ደገሙ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለውም አላዩን። "እስቲ ትንሽ ልቅመስ" ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አላደረጉት መሰላችሁ!

አስተናጋጇ ሳህን ልታነሳ መጥታ ጎንበስ አለችና "ሃሎ-ሃሎ?" አለቻቸው።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሃሎ! እንደምን አለሽ ልጄ?"

"ሃሎ-ሃሎ?"

"ይሰማል፣ ይሰማል! አንቺ ጋ አይሰማም እንዴ?"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማሪቴስም ነገሩ ሳይገባት አብራኝ ተንከተከተች። ለካ ሃሎ-ሃሎ የጣፋጫቸው ስም ነው! የተፈጨ በረዶ፣ ወተት፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አይስክሬም፣ ከሥሩ ደግሞ… ቦሎቄ! እናንተዬ፣ ቦሎቄ በአይስክሬም ትበላላችሁ? እማማ በሉ። የብርጭቆውን ታች ሲፍቁ ማንኪያው ጎረቤት ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል። ማሪቴስ ከደስታዋ ብዛት አቀፈቻቸው፤ እሳቸውም ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። እፎይ አልኩ።

ይኼኔ ባለቤቴ ደወለ። ስልኩን ለእናቱ ሰጠኋቸው።

"እማዬ፣ ቀመስሽላቸው?"

"ተወኝ ልጄ! እዚህ አገር ከመጣሁ እህል የቀመስኩት ዛሬ ገና ነው!"

ወገኖቼ… ጠዋት ማታ የማበስልላቸው እኔ ነኝ።