ጋሽ ይመርን ጋዜጣ ተከራየው

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ይመር አራጋው ሕልም አየ። በሕልሙ አንድ ጋዜጣ ተከራየው።

አትሳቁ። መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ጋሽ ይመር አባቱ አቶ አራጋው ደሴ ላይ ያቋቋሙት የ«ጦሳ ነጋሪት» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነው። ጋዜጣውም የቤተሰቡ፣ ማተሚያ ማሽኑም የቤተሰቡ። ማሽኑ ሲሠራ ሰፈሩን ያንቀጠቅጣል፤ ሲያቆም ደግሞ ሰፈሩ «ምን ሆኑ?» ብሎ ይደነግጣል። ድሮ የሠርግ መጥሪያውም፣ የሐዘን ምስጋናውም፣ የጠፋ በቅሎ ማስታወቂያውም ከሱ ሆድ ነበር የሚወጣው። አሁን ሰዉ ደስታውንም ሐዘኑንም በስልኩ ጨረሰ። በዚህ ላይ የጋሽ ይመር ታላቅ እኅት ወይዘሮ ትርንጎ፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ «ማሽኑን ሸጠን በስልክ የሚታይ ቻናል እንክፈት» ብላ ተነሣች። ሐሳቡን ጆሮዋ ውስጥ የከተተችው ልጇ ቤዛ ናት። ቤዛ ስልኳን ከእጇ አውርዳ አይቼያት አላውቅም፤ ስትበላም ይዛው ነው።

አቶ አራጋው ግን ሲሞቱ አንድ ቃል አስረው ሄደዋል፦ ሁለቱም ልጆቼ እጃቸውን ካላወጡ ማሽኑ ንቅንቅ እንዳይል! የትርንጎ እጅ ከወጣ ሰነበተ። የቀረው የጋሽ ይመር እጅ ነው። እሱ ደግሞ፣ «በኔ ጋዜጣ ላይ ውሸት ወጥቶ አያውቅም፤ ስልክ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት ነው፤ በሬሳዬ ላይ ተረማምዳችሁ!» ይልና በየስብሰባው ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ከትቶ ይቀመጥበታል። እውነቴን ነው፣ ይቀመጥበታል። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ እንደተቀመጠበት፣ የምሳው ሽሮ ከብዶት፣ ትርንጎ ስለ ኢንተርኔት ስትተነትን እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ዓይኑን ሲገልጥ፣ በሕልሙ ማለቴ ነው፣ ፒያሳ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግቷል። ሆዱ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ነፋስ እንዳይወስደው መሆኑ ነው። በግራው አንድ ትራፊክ ፖሊስ፣ በቀኙ አንዲት ሙሽራ ከነቬሏ ተዘርግተዋል። እነሱም ሆዳቸው ላይ ድንጋይ አለ።

«ምንድነው የሚሆነው?» አለ ጋሽ ይመር።

«ዝም በል፣ ደንበኛ እየመጣ ነው» አለው ትራፊኩ። «ፊትህን ፈታ አድርግ። ትናንት ተኮሳትረህ ማንም ሳይነካህ ነው የዋልከው።»

ራስጌያቸው ላይ ያ ማተሚያ ማሽን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የአቶ አራጋውን ካፖርት ለብሷል። «የዛሬ ሰው! ትኩስ ሰው! ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል!» እያለ ሰፈሩን ያንቀጠቅጣል። አጠገቡ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጦች እግራቸውን አነባብረው ሰው ያነብባሉ። አንዱ ፀጉር አስተካካይ እያነበበ በሳቅ ሊሞት ነው። ሌላው አንዲት ዳኛ ይዞ እያዛጋ ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አገራችን ውስጥ ጋዜጣ የሚገዛ ጥቂት ነው፣ የሚከራየው ነው ብዙ። አዟሪው ዘንድ ቁጭ ብሎ ያነብባል፣ ይመልሳል፣ ይሄዳል። ጋሽ ይመርን ዕድሜ ልኩን ያንገበገበው ነገር ቢኖር ይኼ ነው። «እኔ ለከተማ አዘጋጃለሁ፣ እነሱ አንዱን ጋዜጣ ለከተማ ያዳርሱታል!» ይል ነበር። ይኸው ተራው ደረሰዋ።

አንድ ሰፊ፣ መነጽር ያደረገ ጋዜጣ መጥቶ ቆመ።

«ይኼኛው የመቼ ነው?»

«ቆየት ያለ ነው» አለ ማሽኑ፣ አንገቱን እየሰበረ። «ግን ያልተነካ ነው። እንዳታጥፈው ብቻ!»

ጋዜጣው ጋሽ ይመርን አንሥቶ አራገፈው፣ ጭኑ ላይም ዘረጋው። ግንባሩን አነበበ፣ ሆዱን አነበበ፣ ምራቁን ጣቱ ላይ ነካ አድርጎ ገለበጠው።

«ኧረ ቀስ! ሰው እኮ ነኝ!»

«እሱንማ ፊትህ ላይ አነበብኩት። ሌላስ? ስፖርት የለህም?»

«የለኝም።»

«ክፍት የሥራ ቦታስ?»

ጋዜጣው መልስ ሳይጠብቅ ግራና ቀኙን ገላመጠና «እህ! እህህ!» እያለ ሳል ጀመረ። እየሳለም የጋሽ ይመርን የኮት ኪስ ቀስ አድርጎ ቀደደና ውስጡ ሸጎጠው። ወይ ጉድ! ጋሽ ይመር ይቺን ዘዴ ያውቃታል። ሥራ ፈላጊ ከተከራየው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ሲቀድ፣ አዟሪው ቅድዱን እንዳይሰማ እንዲህ ነው የሚስለው። ጋዜጣው ከዚያ በእስክርቢቶ ጉንጩ ላይ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ሞላበት፣ ከወገቡ አጥፎ ዝንብ መታበት፣ መጨረሻም ላስቲኩ ላይ ጣለውና «ምንም የለውም» ብሎ ሄደ።

የጋሽ ይመር ሆድ ባባ። መከራየቱ አይደለም የከፋው። እስከ መጨረሻ ሳይነበብ መመለሱ ነው።

አቤት ብሎ ሳይጨርስ ቢሮው ውስጥ ሆነ፤ ሕልም አይደል። የማስታወቂያ መቀበያው መስኮት ጋ ተቀምጧል። ከፊቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሲያያቸው ሁሉም የሚያውቃቸው ሟቾች ናቸው።

«ምን ልታዘዝ?»

«የሐዘን ማስታወቂያ ነበር» አሉ የመጀመሪያው ሟች፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንዲህ ብለህ አውጣልን፦ ‹ውድ እኅታችን ወይዘሮ ዘምዘም እስካሁን በሕይወት መኖራቸውን የምንገልጸው በከባድ ሐዘን ነው፤ ላጽናናችሁን ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።›»

«ውይ! ያጽናችሁ። ታመው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልነካት፣ ደህና ናት! እሱ ነው እኮ ያቃጠለን» ብለው ተንሰቀሰቁ።

ቀጥሎ መስኮቱ ላይ ብቅ ያሉት አቶ አራጋው ናቸው። ካፖርታቸውን ማሽኑ ስለለበሰው በሸሚዝ ናቸው፣ ብርድ ያንዘፈዝፋቸዋል።

«ያንተን ላስነግር ነው የመጣሁት ልጄ» አሉ። «ፎቶህን ተለቅ አድርገው።»

ጋሽ ይመር እንባው ዱብ ዱብ አለ። «አባባ! እንኳን መጡልኝ። ልቤ ለሁለት ሊሰነጠቅ ነው። ማሽኑን እንሽጠው እያሉኝ ነው። እርስዎ ያቆሙትን እኔ ላፍርሰው? አንድ ቃል ይንገሩኝ።»

አቶ አራጋው ከሸሚዛቸው ኪስ ስልክ አወጡ። ስልኩ ውስጥ አንዲት ፍየል እስክስታ ትወርዳለች።

«ቆይ፣ ይቺን አይቼ ልጨርስ።»

«አባባ! እርስዎም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፍየሏ ሳይነቅሉ። «ጋዜጣህ እኛ ጋ አይደርስ። ኔትወርኩ ግን አንደኛ ነው።»

ጋሽ ይመር አፉን እንደከፈተ ነፋስ ተነሣ፤ ሲያይ ተመልሶ ፒያሳ ላስቲኩ ላይ ነው። ማሽኑ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። «ያልተነበበ ሰው በኪሎ! ለለውዝ መጠቅለያ!» ይላል። ከላይ ከመንገዱ ሰው ሰው የሚያህሉ ለውዞች እየተንከባለሉ መጡ። ሁለቱ ሙሽራዋን አንሥተው ጥቅልል አደረጓት።

«ሙሽሪት፣ እንዴት ነው?» አላት ትራፊኩ።

«ይሞቃል» አለች ከውስጥ።

ጋሽ ይመር ግን ፈራ። ያልተሸጠ ጋዜጣ የት እንደሚሄድ አሳምሮ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ለለውዝ ሻጭ ሲልክ ኖሮ ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንድ ወፍራም ለውዝ መጥቶ እግሩን ያዘ።

በዚህ መሐል በር የሚያህል፣ የሚያብለጨልጭ ስልክ እየተራመደ መጣ።

«አንድ ሰው ፈልጌ ነበር» አለ። «የሚነበብም ይሁን፣ የሚታይም ይሁን፣ ግድ የለኝም። ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ!»

ትራፊኩ ልማዱም ስለሆነ ወዲያው አወጣ። ጋሽ ይመር ሊያወጣ ቢል እጆቹ ጭኑ ሥር ናቸው። ሆዱ ላይ ድንጋይ አለ። ለውዙ እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎታል።

«አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። «ሳልነበብማ አልጠቀለልም!» ተወራጨ፣ ድንጋዩን አንከባለለው፣ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር መንጭቆ ወደ ሰማይ ሰደደው። «እኔ! እኔ አለሁ! እኔን ውሰዱኝ!»

ብንን አለ።

ስብሰባው ላይ ነው። እጁ ወደ ጣራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትርንጎ እልልታውን አቀለጠችው።

«ይመርዬ! የኔ ወንድም! ታዲያ ምን ነበር ይኼን ያህል የምታንገላታን?»

«እታለም፣ ተኝቼ እኮ ነበር!» አለ፣ እጁን ቶሎ አውርዶ።

«ብትተኛስ? እጁ ያንተ አይደለም? አባባ ‹እጃቸውን ያውጡ› አሉ እንጂ ‹ነቅተው ያውጡ› አላሉም» ብላ ለማሽኑ ገዢ ልትደውል ወጣች።

ጋሽ ይመር ለአቤቱታ ወደ ቤዛ ዞረ። ቤዛ ስልኳን ፊቱ ላይ ደግናለች።

«ጋሼ፣ ማንኮራፋት ከጀመርክ ጀምሮ በቀጥታ እያስተላለፍኩህ ነው» አለች በደስታ። «አገር ምድሩ እያየህ ነው። ‹ጦሳ ነጋሪት› ከተወለደ ይኼን ያህል ሰው አይቶት አያውቅም። እይ፣ የሚጽፉልህን እይ!»

መነጽሩን አድርጎ አየ። አንዱ «ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው የታደሉት እኚህ ሰውዬ!» ይላል። ሌላው «‹እኔን ውሰዱኝ› ሲሉ ሞትኩ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንዲት ልጅ፣ «እኚህማ የጦሳ ነጋሪቱ ጋሽ ይመር ናቸው! አባቴ ሥራ ያገኘው የሳቸውን ጋዜጣ ተከራይቶ፣ እየሳለ ማስታወቂያውን ቀዶ ነው» ብላ ጽፋለች።

ጋሽ ይመር ይቺን ደጋግሞ አነበባት። ሳቁም መጣ፣ እንባውም መጣ።

«ጋሼ» አለች ቤዛ ቀስ ብላ። «ነቃህ ብለው የሚያዩህ ሰዎች መውጣት ጀመሩ። እባክህ ትንሽ መልሰህ ተኛልኝ።»

ጋሽ ይመር የማሽኑን ክፍል በር አየ። ስልኩን አየ። ሁለት እጁን ጭኑ ሥር መልሶ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፉ ግን እምቢ አለው። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አልመጣም። ስለዚህ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በውሸት አንኮራፋ።