ሽምብራ ነው አልኩሽ

የዚያ ዓመት ፍልሰታ ዝናቡ አይጣል ነበር። የሳሊተ ምሕረት መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር፤ ነጠላም እስከ ቅዳሴ ማብቂያ አይደርቅ። ቢሆንም ደስ ይል ነበር፤ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በክንዱ ደግፎ ነበርና የሚሄደው። ምንትዋብ ብብቷ ሥር ያለችውን እብጠት ያገኘቻት ያኔ ነው፣ እርጥብ ቀሚሷን ስታወልቅ። አላመመቻትም። ስላላመመቻትም ወደደቻት፤ ለጎረቤቷ ለዘርትሁን ካልሆነ ለማንም አልተናገረች። በጥቅምት እንዲህ ሆነ።

(ጤና ጣቢያ፣ የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር። ዘርትሁን ክንዷ ላይ ፕላስተር ለጥፋለች፤ ከሥሩ አንድ ነገር ጉብ ብሏል። ምንትዋብ ከላይ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች።)

ምንትዋብ፦ ባቄላ ነው!

ዘርትሁን፦ ሽምብራ ነው።

ምንትዋብ፦ ባቄላ ያህላል እልሻለሁ! አስራ ሁለት ዓመት የሐኪም ጋውን ያጠብኩት በከንቱ ነው?

ዘርትሁን፦ ጋውኑ እብጠት ነበረው?

ምንትዋብ፦ እውቀት ነበረው! ከሳሙናው ጋር ወደ እጅ ይገባል።

ዘርትሁን፦ አሃ! ሐኪሞቹ አንድ ነገር ስጠይቃቸው «ቆይ ልይ» የሚሉት አጥበሽ ጨርሰሽባቸው ነዋ።

ምንትዋብ፦ ዝም በይና ክንድሽን ስጪኝ። ያምሻል?

ዘርትሁን፦ ኧረ ምንም።

ምንትዋብ፦ ይሄ ነው ክፉው! ይሄዳል?

ዘርትሁን፦ በታክሲ አብሮኝ መጣ እንጂ ለብቻውስ አይሄድም።

ምንትዋብ፦ ሲነኩት ይንሸራተታል ወይ ነው የምልሽ፣ የኔ ጅል! (ትጫናለች) አይነቃነቅም። ድንጋይ! ከመቼ ጀምሮ ነው?

ዘርትሁን፦ ጓዳዬ ውስጥ ከሰኔ ጀምሮ አለ።

ምንትዋብ፦ ጓዳ ሆነ ሳሎን ምን አገባው! አራት ወር እኮ ነው! ስሚኝ፤ ብዙው እብጠት ሞራ ነው፣ ብጉንጅ ነው፣ አያስደነግጥም። የጠጠረ፣ የማያምም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎት የማይጠፋ ግን ለሐኪም ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?

ዘርትሁን፦ ያንቺስ፣ ምንቴ?

ምንትዋብ፦ የኔ ሌላ ናት። ጨዋ ናት።

ዘርትሁን፦ ታምሻለች?

ምንትዋብ፦ ንክች አታደርገኝ።

ዘርትሁን፦ ትነቃነቃለች?

ምንትዋብ፦ ቁጭ ብላለች። ጨዋ አልኩሽ እኮ።

ዘርትሁን፦ ምን ታህላለች?

ምንትዋብ፦ በፍልሰታ ምስር ነበረች። ለመስቀል አተር። አሁን... (እጇን ብብቷ ሥር ትሰዳለች) ባቄላ ሳትሆን አትቀርም።

ዘርትሁን፦ ለገናስ?

ምንትዋብ፦ የምን ገና?

ዘርትሁን፦ እኔ መቼም አላውቅም፤ ከባቄላ ቀጥሎ ምን እህል አለ?

(የምንትዋብ እጅ ከብብቷ ሥር አልወጣም።)

ምንትዋብ፦ እህል በረንዳ አደረግሽኝ! የመጣነው ላንቺ ነው።

ሲስተር ሀጀር፦ (በሩን ከፍታ) ምንትዋብ ገሰሰ!

ምንትዋብ፦ ተሳስተሻል ልጄ። በሽተኛዋ ይቺ ናት።

ሲስተር ሀጀር፦ ካርዱ ግን ምንትዋብ ነው የሚለው፣ እማማ። የብብት እብጠት።

ምንትዋብ፦ ካርዱን ማን አወጣ?

ዘርትሁን፦ እኔ።

ምንትዋብ፦ የገዛ ስምሽን ረሳሽው? ሲስተር፣ እሷን እይልኝ! ክንዷ ላይ ክፉ እጢ አለባት፣ እኔ ራሴ መርምሬዋለሁ!

(ሲስተር ሀጀር ፕላስተሩን ላጥ ስታደርገው አንዲት ጥሬ ሽምብራ ወድቃ ወለሉ ላይ ትንከባለላለች።)

ዘርትሁን፦ ሽምብራ ነው አልኩሽ።

ምንትዋብ፦ (ሽምብራዋን እያየች) አታለልሽኝ...

ዘርትሁን፦ ላንቺ ሐኪም ቤት እንሂድ ብልሽ ሦስቴ እምቢ አልሽኝ። ለኔ ከሆነ ግን ሐኪሙን ለማስተማር ትሮጫለሽ ብዬ ነው። በሽታውን የደበቀ ምን የለውም ነበር ያልሽኝ?

ምንትዋብ፦ (ነጠላዋን ታስተካክላለች) ከሰኔ የቆየ ሽምብራ ነቀዝ ይበላዋል፤ ይሄን እንኳ አታውቂም። (ትነሳለች፤ ትቆማለች) ዘርዬ... ነይ ያዥኝ።

ዘርትሁን፦ ጭቃ የለም እኮ።

ምንትዋብ፦ ያዥኝ አልኩሽ።

(ምንትዋብ፣ ዘርትሁን ክንዷን ይዛት፣ በአራት ቁጥር በር ትገባለች።)