የስዊዘርላንድ ተራራና የወይዘሮ ታደሉ መሬት

የሰውን አገር መንግሥት ከራስ ጋር እንደማወዳደር ያለ ደስ የሚል ሥራ የለም። ከወንበር አያስነሳም፤ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ «ይህ ሰው ዋሽቷል» የሚልም አይገኝም። እኔ የዚህ ሥራ እንጀራ በላተኛ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ሲሆን፣ በየአዳራሹ ስለ ፌዴራል ሥርዓት አሠለጥናለሁ። ሕንድ ክልሎቿን በቋንቋ እንዴት እንዳዋቀረች፣ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ እንዴት እንደሚያወጣ፣ ፈረንሳይ ደግሞ ሁሉን ነገር ከፓሪስ ማዘዝ እንዴት እንደለመደባት እተነትናለሁ። አፍ አንዴ ከተከፈተ አገር አይበቃውም፤ ታውቁት የለ?

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እዘላለሁ። ያለሁበት ዋግ ኽምራ በክልል ውስጥ ሆኖ የራሱ ምክር ቤትና ኽምጣና የሚባል የራሱ ቋንቋ ያለው ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ እየተባልን አድገን የሰው ወርቅ ስንቆጥር እንውላለን።

አንድ ቀን ከሰቆጣ ዙሪያ ለመጡ ገበሬዎች ስለ ስዊዘርላንድ ሳወራ፣ ከአገሪቱ አራት ቋንቋዎች አንዱን የሚናገሩት ተራራ ላይ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች እንደሆኑ፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ግን በዚያው በቋንቋቸው የመጻፍ መብት እንዳላቸው ተናገርኩ። ወይዘሮ ታደሉ የሚባሉ እናት ከኋላ እጃቸውን አወጡ። ተራራው ከእኛ ይበልጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይበልጣል አልኩ። ሰዎቹስ ይበልጡናል? አሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፋይል ላደርስ የመሬት ክርክር ወደሚታይበት ቢሮ ስገባ እኒሁ እናት ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን ዋርሳቸው፣ የባላቸው ወንድም ማለት ነው፣ ሲያርስ ኖሮ «የኔ ነው» ብሎ በስሙ ሊያስመዘግብ መጥቷል። እሳቸው ከዚያ መሬት ሌላ የላቸውም። ጉዳዩን የሚያዩት ሦስቱም ሰዎች እንደኔ ከሌላ አካባቢ የተመደቡ ናቸው፤ ኽምጣና አይሰሙም። አስተርጓሚው ለቅሶ ሄዷል።

«እናታችን፣ አማርኛ ይችላሉ አይደል?» አላቸው ሰብሳቢው።

«እችላለሁ» አሉ፣ ከሰብሳቢው በጠራ አማርኛ። «አማርኛ እንግዳ የምቀበልበት ነው። መሬቴን የምጠይቀው ግን በቤቴ ቋንቋ ነው።»

ቀጥለውም የስዊዘርላንድ ተራራ ሰዎችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ አስረዱ። ምስክር ካስፈለገም ብለው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ በስድስት ዓመት ገበያ ለገበያ የለቃቀምኳትን ኽምጣና ተማምኜ «ላስተርጉም» አልኩ።

መጀመሪያ ጥሩ ሄድኩ። ባላቸው መሞታቸውን፣ ልጃቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄዷን፣ በሬ ማጣታቸውን ተረጎምኩ። ከዚያ አንድ ግስ መጣችና እንደመሰለኝ አልኳት፦ «መሬቱን ለዋርሳቸው ሰጡት።» ዋርሳቸው ፈገግ አለ። ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ።

ወይዘሮ ታደሉ እጃቸውን በወረቀቱ ላይ አኖሩ። «ልጄ» አሉኝ በአማርኛ፣ «ሰጠሁት አላልኩም፤ አሳረስኩት ነው ያልኩት። በሰጠሁትና ባሳረስኩት መካከል ሙሉ መሬቴ አለ።»

ለካ በአንዲት ግስ የሰው ጉሮሮ ልዘጋ ነበር። ሰብሳቢው ወደ ዋርሳቸው ዞር ብሎ፣ ከምርቱ እኩሌታውን በየዓመቱ ለማን ሲያስገባ እንደኖረ ጠየቀው። ሰውየው ራሱን አከከ፤ ለእሳቸው መሆኑን አልካደም። ለሰጠ ሰው ደግሞ ማን እኩል ያካፍላል? መሬቱ በስማቸው እንዲመዘገብ ተወሰነ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። የዚያን ዕለት ከሕንድም ከአሜሪካም ጋር ማወዳደር አላማረኝም። መብቱን ለማስከበር አስተርጓሚ የሚጠይቅ፣ ያው አስተርጓሚ ሲሳሳት ደግሞ በአስተርጓሚው ቋንቋ የሚያርም ሕዝብ የትኛው አገር እንዳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ቃለ ጉባኤው ተነበበላቸው። ከመጨረሻው «አስተርጓሚ» ተብሎ ስሜ ተጽፏል። ወይዘሮ ታደሉ ብዕሩን ይዘው ሳይፈርሙ ቆዩ።

«ስሙ ይቆይለት፣ ደክሟል» አሉ። «ከጎኑ ግን ‹ባለጉዳይዋ አርማዋለች› በሉበት።»

ጸሐፊው ሰብሳቢውን አየ፤ ሰብሳቢው እኔን አየኝ።

«ይጻፍ» አልኩ።